የሌንስ መምሪያ መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ይቅር?

"የትኛውን ሌንስ እንደምገዛ የሚነግረኝ ጥሩ መጽሐፍ ጠቁመኝ።" ፎቶ የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይጠይቁኛል። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። መጽሐፍ ሌንስ አይመርጥላችሁም።

ሰው "የሌንስ መምሪያ" ብሎ የሚገዛው ብዙ ጊዜ የሞዴል ዝርዝር ነው። ዝርዝር ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ካኖንም ኒኮንም በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ ማውንት (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቦታ) አወጡ፤ ካኖን አርኤፍ፣ ኒኮን ዜድ። ከዚያ በፊት የታተመ መምሪያ ስለነዚህ ሌንሶች አንድ መስመር የለውም። የቀድሞዎቹ የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) አዲሶቹ ካሜራዎች ላይ እንደሚሠሩም አይነግራችሁም። የሌንሱ ክብደትና ፎከስ የሚያደርግበት አጭሩ ርቀት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ አምራቹ ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦታል።

ከሁሉ የባሰው ግን መጽሐፉ የእናንተን ካሜራና የምትሠሩበትን ቤት አለማወቁ ነው። አንድ ተማሪዬ "ለፖርትሬት 85 ሚሊሜትር" የሚል አንብቦ ያጠራቀመውን ብር በሙሉ 85 ላይ አዋለው። ሚሊሜትሩ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ የሚያሳየው ስፍራ ይጠባል። ካሜራው ደግሞ ክሮፕ ሴንሰር (ከትልቁ ፉል ፍሬም ሴንሰር ያነሰ) ያለው ካኖን ነው። በዚህ ካሜራ 85 በ1.6 ሲባዛ 136 ይሆናል፤ ማለትም ፉል ፍሬም ላይ 136 ሚሊሜትር የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። የመጀመሪያ ሥራው ሽምግልና ነበር፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ። ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ እንኳ ከሁለት ሽማግሌ በላይ ፍሬሙ ውስጥ አልገባለትም። ሌንሱ ምንም አልጎደለውም። ምክሩም ቢሆን ፉል ፍሬም ለያዘ፣ ወደኋላ መራቅ ለሚችል ሰው ትክክል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ፎቶዎች ክፈቱ። እያንዳንዱ ፋይል በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ በውስጡ ተመዝግቧል። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አብዛኛው ፎቷችሁ 18 ላይ ከተነሳ የጎደላችሁ ሰፋ ያለ ሌንስ ነው። 55 ላይ ከሆነ ደግሞ ረዘም ያለ። ከዚያ ያሰባችሁትን ሌንስ ለአንድ ሥራ ተከራዩት። የአንድ ቀን ኪራይ ከመግዣው ጋር አይወዳደርም። እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ ብር አታውጡ!

"85 ፊት ያሳምራል" የሚሉም አሉ። የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው ርቀት ነው፤ ተጠግታችሁ ስታነሱ አፍንጫ ይገዝፋል። ረጅም ሌንስ የሚረዳው ራቅ እንድትሉ ስለሚያስገድዳችሁ ነው።

"ኤፍ 22 ላይ ፎቶው በጣም ይጠራል።" አይጠራም። የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር) ይጠባል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብ ብርሃኑ ይበተንና ምስሉ ይደበዝዛል።

"ውድ ሌንስ ሁልጊዜ ይበልጣል።" የዋጋው ብዙ ክፍል የሚሄደው ለሰፊ አፐርቸርና ለጠንካራ አካል ነው። ኤፍ 8 ላይ ርካሹን 50 ኤፍ 1.8 ከውዱ 50 ደንበኛችሁ አይለየውም።

"መጽሐፍ ጊዜው አልፎበታል፣ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ" የሚለውም አያስኬድም። ዩቲዩብ ላይ ብዙ ገምጋሚዎች ከቪዲዮው ሥር ባስቀመጡት የመግዣ ሊንክ ኮሚሽን ያገኛሉ። አዲስ ሌንስ በወጣ ቁጥር "ግዙ" ቢሏችሁ አይግረማችሁ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ አፐርቸር የፎከስን ጥልቀት እንዴት እንደሚለውጥ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ፎቶው ለምን እንደሚነጣ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን ገንዘቡ ይገባዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ማውጫውን እዩ። ምዕራፎቹ የሌንስ ሞዴሎች ስም ከሆኑ መልሱት። ስለ ፎካል ሌንግዝ (የሌንሱ ሚሊሜትር)፣ ስለ አፐርቸርና ስለ ብርሃን ከሆኑ ያገለገለ ቅጂም ቢሆን ውሰዱት፤ በፊልም ዘመን የታተመም ይሠራል።