ኡሰይድ ሰዒድ አይደለም

ጅማ መርካቶ ገብታችሁ «ሁሴን!» ብትሉ ብዙ ሰው ዞር ይላል። «ኡሰይድ!» ስትሉ ግን «ሰዒድ ማለትህ ነው?» መባሉ አይቀርም። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ሰዒድ ደስተኛ፣ ዕድለኛ ማለት ነው። ኡሰይድ የመጣው ከ«አሰድ»፣ ከአንበሳ ነው። ዐረብኛ ስምን ሲያሳንስ ድምፁን ይለውጣል፤ ሐሰን ሁሴን፣ አሰድ ደግሞ ኡሰይድ ይሆናል። ትንሹ አንበሳ፣ በእኛ ደቦል እንደማለት።

ስሙን ያስከበረው የመዲናው ሰሓባ (የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ) ኡሰይድ ኢብን ሁደይር ነው። የአውስ ጎሳ አለቃ ነበር። ሌሊት ቁርኣን ሲቀራ ፈረሱ እየደነበረ ልጁን የሕያን እንዳይረግጠው መስጋቱ በሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩም ፈረሱን ያስደነበሩት ድምፁን ለመስማት የቀረቡ መላእክት እንደነበሩ ነገሩት። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ስም እምብዛም አለመሰማቱ ያስቆጫል።

ልጃችሁን ኡሰይድ ካላችሁት የልደት የምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው አንብቡት። «ሰይድ» ወይም «ሰዒድ» ተብሎ ከተጻፈ ሳትወጡ አሳርሙ።