ኢኮኖሚያዊ ሶሲዮሎጂ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ «ኢኮኖሚክስ ገንዘብን ያጠናል፣ ሶሲዮሎጂ ባህልን፤ ዕቁብ ባህል ነውና ኢኮኖሚስት አይግባበት» አለ። ኧረ በቃ! የሶሲዮሎጂ አባት ከሚባሉት አንዱ ማክስ ቬበር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1894 ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የገባው የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ነው። ኢኮኖሚያዊ ሶሲዮሎጂ የሚባለውም ገበያና ቁጠባ በሰዎች ግንኙነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠናው ዘርፍ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር አትክልት የሚሸጡ ሴቶች ዕቁብ አላቸው። ማታ ማታ ጸሐፊዋ ደብተሯን ይዛ ትዞራለች። ቤስሊ፣ ኮትና ላውሪ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1993 እንዲህ ያለውን ቁጠባ በሒሳብ ተንትነውታል። አሥር ሰው ለየብቻው ለፍሪጅ ቢቆጥብ ሁሉም አሥር ወር ይጠብቃል። በዕቁብ ግን ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ቀድሞ ይገዛል። (የዋጋ ንረት ሲኖር መጨረሻ የደረሰው ይጎዳል፤ ብቻውን ቢቆጥብም ግን ያው ነበር።)

መጀመሪያ ዕጣ የወጣላት ሴት ታዲያ በነጋታው ለምን ትከፍላለች? ዋስ ስላለባት፣ ስሟም ስለሚጠፋ። ኢኮኖሚስቶቹም ይህን አይክዱም። ማን ማንን እንደሚያውቅ፣ የማን ስም ቢጠፋ ማንን እንደሚያሳፍር ግን ከቀመር አይገኝም። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1985 የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ግብይት የሚካሄደው በሰዎች ግንኙነት ውስጥ ነው።

ተንታኙ ግንኙነትን ከላይ እንደሚነሰነስ ሚጥሚጣ ነው የሚያየው። እኔ እርሾ ነው እላለሁ። ከተቦካ በኋላ «ይሄ እርሾው፣ ይሄ ዱቄቱ» ብለህ አትለየውም። ሲበዛም ሊጡን ያኮመጥጠዋል። ሁሉን ነገር በባህል የሚያስረዱ የሶሲዮሎጂ ሙያ ጓደኞቼ ይህቺን ይያዙልኝ፤ የቲማቲም ሻጯ ሳንቲም ሳይቀር ትቆጥራለች።

ደግሞ መተማመን ሁሌ ደግ ነገር አይደለም። ግራኖቬተር ራሱ መተማመን ለአጭበርባሪም በር እንደሚከፍት ጽፏል። የዕቁብ ብር ይዞ የሚጠፋው እኮ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው። ለማያውቁት ማን ይሰጣል?

እዚያው ሰፈር ነዋሪው በኮንዶሚኒየም ዕጣ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ገና እየተለማመደ ነው። አዲስ የመጣች ሻጭ ዕቁብ ልግባ ስትል ዳኛዋ መጀመሪያ የምትጠይቃት «ማን ያውቅሻል?» ብላ ነው። ሒሳቡ ብትገባ እንደሚጠቅማት ያሳያል። ብሩም አላት፤ ዋስ የሚሆናት ግን የለም። ለእሷ ስለ ቁጠባ ጥቅም ሥልጠና መስጠት ምን ይፈይዳል?