«መጀመሪያ ጣቢያ ሂዱ»፦ ወሲባዊ ጥቃት ሲደርስ ፖሊስና ማኅበራዊ ሠራተኛ ስለሚሠሩት ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የፖሊስ ደብዳቤ ካልተያዘ ሐኪም አያይም»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይኼኛው ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፣ በዘገየ ቁጥር ግን አቅሙ ይደክማል። ዓርብ ማታ የተጠቃች ልጅ ደብዳቤ ለማጻፍ ሰኞን ስትጠብቅ ሰዓቷ ሊያልቅ ተቃርቧል ማለት ነው። ደብዳቤው የሚፈለገው ለፍርድ ቤት ለሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ እንጂ ለሕክምናው አይደለም። በአዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ባለበት ደግሞ ሐኪሙም ፖሊሱም ማኅበራዊ ሠራተኛዋም እዚያው ስለሚገኙ መመላለሱ ይቀራል።

«ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ትምጣ»

እናቶች ከሐዘኔታ የሚያደርጉት ነው፤ ማስረጃው ግን አብሮ ይታጠባል። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ፣ እያንዳንዱ ለየብቻ፣ በንጹሕ ወረቀት ይጠቅለል። ፌስታል አይሆንም፦ እርጥበቱ ይታፈንና ልብሱ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል። ታጥባ ከሆነም ትምጣ፤ ሕክምናው አይቀርባትም።

«ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የፖሊሱ ረዳት ናት»

አይደለችም። መርማሪው ቃል ይቀበላል፤ እሷ የምታጣራው ልጅቷ ዛሬ ማታ የት እንደምታድር፣ ተጠርጣሪው እዚያው ቤት ይኖር እንደሆነ፣ መጠለያና ምክር ያስፈልጋት እንደሆነ ነው። ብዙ ፋይል የሚበላሸው ሁለቱ ሥራ ሲደባለቅ ነው። «አጎትሽ ነው አይደል?» የሚል አንድ ጥያቄ መልሱን በልጅቷ አፍ ያስገባል፤ የተከሳሹ ጠበቃ በኋላ የሚይዘው ያንን ጥያቄ ነው። «ምን ሆነ? ከዚያስ?» ይበቃል። ቃሏንም አንድ ሰው አንድ ጊዜ ይቀበል፣ ሌላው ያዳምጥ። አራት ቢሮ ያስተረኳት ልጅ አራት ዓይነት ቃል ብትሰጥ አይገርምም።

«ድንግልናዋ ካልተነካ ወንጀል የለም»

ሐሰት። ጥቃት ደርሶም ብዙ ጊዜ ሰውነት ላይ ምንም ምልክት አይገኝም።

«ሽማግሌ ካስታረቀ ፋይሉ ይዘጋል»

አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ስላልሆነ ቤተሰብ «ይቅር ብለናል» ቢልም ክሱ ይቀጥላል። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ ጠልፎ ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህ ቀርቷል። በሽምግልናው ሰሞን ግን ምስክሮች ይጠፋሉ፣ ልጅቷም ወደ ገጠር ትላካለች። ስለዚህ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የሽምግልና ወሬ እንደሰማች ለመርማሪው በዚያኑ ቀን ትንገረው።