የሊኑክስ ከርነል ሪግሬሽን ፍለጋ

በአሮጌው ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት በሆነው ፕሮግራም) ይሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ ሲቆም፣ ሲንቀራፈፍ ወይም ሲዛባ ሪግሬሽን ይባላል፤ ሁለቱ ከርነሎች በተቀራራቢ ኮንፊግ (ከርነሉ ሲገነባ በሚመረጡ አማራጮች ዝርዝር) የተገነቡ እስከሆኑ ድረስ። እንዲተኛ የተደረገ ላፕቶፕ አልነቃ ማለቱ፣ የዋይፋይ መቆራረጥ፣ የዲስክ ፍጥነት መውረድ የተለመዱ መልኮቹ ናቸው። በሊኑክስ ልማት ሪግሬሽን ከሌሎች ስህተቶች ተለይቶ ይታያል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለዓመታት ሲያስከብረው የኖረው ደንብ፣ በከርነል ላይ የሚደረግ ለውጥ ይሠራ የነበረን የተጠቃሚ ፕሮግራም ማበላሸት የለበትም የሚል ነው። መንስኤው ኮሚት (በኮዱ ላይ የተመዘገበ አንድ ለውጥ) ተለይቶ ከቀረበ ወይ ይታረማል ወይ ይሻራል። ድካሙ ያለው መለየቱ ላይ ነው።

አዲስ ሥሪት በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፤ በሁለት ተከታታይ ሥሪቶች መካከል ከ10 ሺህ በላይ ኮሚቶች ይገባሉ። ፍለጋውን የሚያሳጥረው ባይሴክሽን ነው፤ መካከል ላይ ያለውን ኮሚት ሞክሮ ግማሹን መጣል፣ ከዚያም የቀረውን እንደገና ለሁለት መክፈል። በዚህ መንገድ 14 ሺህ ኮሚት በ14 ሙከራ ገደማ ያልቃል፤ 28 ሺህ ቢሆን የሚጨመረው 1 ሙከራ ብቻ ነው። ቶርቫልድስ በ2005 ለከርነሉ ሥራ የጀመረው ጊት የተባለ የኮድ ለውጦች መዝጋቢ ፕሮግራም «ጊት ባይሴክት» በሚባል ትዕዛዙ ቀጣዩን የሚሞከር ኮሚት ራሱ ይመርጣል። ይሁን እንጂ ጊት የተነገረውን ሁሉ ያምናል። ብልሽት ያለበትን አንድ ኮሚት «ደህና» ብለው ካለፉት፣ ቀሪው ፍለጋ በሙሉ በተሳሳተው ግማሽ ውስጥ ይካሄድና መጨረሻ ላይ ምንም ያላጠፋ ኮሚት ይወነጀላል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከፍለጋው በፊት ነው። ከርነሉ ሲዘመን ፈርምዌር (በመሣሪያዎች ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር)፣ የግራፊክስ ላይብረሪና ሌሎች ፓኬጆችም አብረው ይዘመኑ ይሆናል። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ ከቡት ሜኑ አሮጌውን ከርነል ብቻ ማስነሳት ጥርጣሬውን ያጠራል። ከዋናው የከርነል ኮድ ውጭ የሚገነቡ ሞጁሎች (በከርነሉ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ክፍሎች) መወገድ አለባቸው። ሊኑክስን አዘጋጅተው የሚያከፋፍሉት ዲስትሪቢውሽኖች በከርነላቸው ላይ የራሳቸውን ማስተካከያ ስለሚጨምሩ፣ ደህና ነው የተባለውንም ተበላሸ የተባለውንም ሥሪት ከዋናው ኮድ በራስ ገንብቶ መሞከር ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ሲዘሉት መነሻው ራሱ ሐሰት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን አዲስ ከርነልም መሞከር ተገቢ ነው፤ ችግሩ ቀድሞ ታርሞ ከሆነ ሌላው ድካም ይቀራል።

ኮንፊግ ሌላው ወጥመድ ነው። ደህናውን ከርነል አስነስቶ፣ የሚያገለግሉትን መሣሪያዎች ሁሉ ሰክቶ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ሲባል፣ በዚያች ሰዓት ያልተጫኑ ሞጁሎች ከግንባታው ይወጣሉ፤ ኮምፓይል የማድረጊያው (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የመቀየሪያው) ጊዜም በእጅጉ ያጥራል። ያልተሰካ የዩኤስቢ መሣሪያ ግን ድራይቨሩ (መሣሪያውን የሚያሠራው ኮድ) አብሮ ከግንባታው ይወጣል። የዲበግ መረጃን ማጥፋት ብዙ ጊጋባይት ያተርፋል። የተገኘው ኮንፊግ ለብቻው ተቀምጦ በየዙሩ ይገለበጥና አዲስ አማራጮችን በነባሪ ዋጋ የሚሞላው «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» ይደረግበታል። ያው ፋይል ሳይመለስ ከዙር ወደ ዙር ከተላለፈ፣ ወደ አሮጌ ኮሚት ሲኬድ በዚያ የሌሉ አማራጮች ይጠፋሉ፤ ወደ አዲሱ ሲመለሱ ነባሪ ዋጋቸውን ይይዛሉ፣ የሚፈለገው ድራይቨርም ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል።

በየዙሩ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ሞጁሎቹና ከርነሉ ይጫናሉ፣ ማሽኑ እንደገና ይነሣል። ከዚያ የሥሪቱን ስም በሚያሳየው የ«ዩኔም» ትዕዛዝ የተነሣው ከርነል በእርግጥ አሁን የተገነባው መሆኑ ይታያል፤ ቡት ጫኚው ነባሩን ከርነል አስነስቶ ሰው የድሮውን መሞከሩ እጅግ የተለመደ ነው። ሥሪቱ ላይ የኮሚቱን መለያ መጨመር ይህንን ይከላከላል። የቡት ፓርቲሽን ትንሽ ስለሆነ ተሞክረው ያበቁት ይሰረዙ። ሴኪዩር ቡት (ፊርማ የሌለውን ከርነል የሚከለክል ጥበቃ) የበራበት ማሽን ያልተፈረመ ከርነል አያስነሳም።

ኮሚቱ ኮምፓይል አልሆን ቢል ወይም በሌላ ችግር ባይነሣ «ጊት ባይሴክት ስኪፕ» (ይዘለል) እንጂ «ባድ» (ብልሹ) አይባልም። ሙከራው በቨርቹዋል ማሽን በስክሪፕት የሚያልቅ ከሆነ «ጊት ባይሴክት ረን» ሁሉን ብቻውን ይጨርሳል፤ ስክሪፕቱ 0 ሲመልስ ደህና፣ 125 ሲመልስ ይዘለል፣ ከ1 እስከ 127 ያለው ሌላው ቁጥር ብልሽት ማለት ነው።

አስቸጋሪው አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ችግር ነው። ብልሽቱ ከ10 ማስነሳት በ3ቱ የሚታይ ከሆነ፣ በ10 ሙከራ አንዴም ሳይታይ የሚያልፍበት ዕድል 3 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብልሽት ያለባቸው 7 ኮሚቶች በፍለጋው መንገድ ላይ ቢገጥሙ፣ ቢያንስ አንዱ በስህተት «ደህና» የመባሉ ዕድል ወደ 18 በመቶ ይደርሳል። «ባድ» የሚለው መልስ አንዴ በዐይን ከታየ በቂ ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው «ጉድ» (ደህና) ማለት ነው። ጥርጣሬ ከመጣ «ጊት ባይሴክት ሎግ» ያስቀመጠውን መዝገብ አርሞ በ«ሪፕሌይ» ከተጠረጠረው ቦታ መቀጠል ይቻላል።

የተገኘው ኮሚት ገና ተጠርጣሪ ነው። በአዲሱ ከርነል ላይ እሱን ብቻ ሽሮ መሞከር ያስፈልጋል፤ ችግሩ ከጠፋ ማስረጃው ጠነከረ። ኋላ የገባ ኮድ በላዩ ተገንብቶ መሻሩ ካልተቻለ፣ ኮሚቱና ወላጁ (ከእሱ በፊት ያለው ኮሚት) ደጋግመው ይሞከራሉ። ሪፖርቱ ለኮሚቱ ጸሐፊና ለንዑስ ሥርዓቱ ኃላፊዎች ይላካል፤ የኮሚቱ መለያ፣ የባይሴክሽኑ መዝገብ፣ ኮንፊጉና የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው የ«ዲሜሴጅ» ውጤት አብረው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ኮሚቱ ራሱ ትክክል ሆኖ ሌላ ቦታ ተደብቆ የኖረ ስህተት ያጋልጣል። በደንቡ ግን ይህም ሪግሬሽን ነው፤ የተደበቀው ስህተት በቶሎ ካልታረመ የሚሻረው ያጋለጠው ኮሚት ነው።