ስለ እንጨት ቫርኒሽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ አካባቢ ካሉት የቀለም መሸጫዎች ቫርኒሽ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው እንደሚያብረቀርቅ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን እንጨቱ ከጣሪያ ሥር ይውላል ወይስ ፀሐይና ዝናብ ያገኘዋል የሚለው ነው።

«የሚያብረቀርቀው ይጠነክራል።»
ማብረቅረቅ የጥንካሬ መለኪያ አይደለም። ደብዛዛው ቫርኒሽ የሚለየው በአብዛኛው ብርሃን የሚበትን ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት ስለተጨመረበት ነው። ዱቄቱ ከጣሳው ሥር ስለሚዘቅጥ ከመቀባቱ በፊት በዝግታ መማሰል አለበት፤ ጣሳውን መነቅነቅ አረፋ ያስገባል።

«ለወለል የጠነከረ ለበረንዳም ይሆናል።»
ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ለወለልና ለጠረጴዛ የሚሠራው ፖሊዩሪቴን የተባለው ቫርኒሽ ጭረትን በሚገባ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ግትር በመሆኑ እንጨቱ በክረምት ሲያብጥና በበጋ ሲኮማተር አብሮት አይለጠጥም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ ጨረሩም መከላከያ በሌለው ጥርት ያለ ቅብ ውስጥ አልፎ የእንጨቱን ቃጫ ያያያዘውን ሊግኒን ስለሚያፈርሰው ቅቡ የሚይዘው ያጣል። አራዳ ውስጥ በአንድ አሮጌ ቤት በረንዳ መደገፊያ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፦ ፀሐይ የሚያገኘው ጎን በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ግራጫ ሆኗል፤ ጥላ የሚያርፍበት ጎን ግን ዛሬም ያምራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚስማማው ዘይቱ በዛ ያለ፣ የጨረር መከላከያ የተጨመረበት የውጭ ቫርኒሽ ነው፤ እሱም ቢሆን መሰንጠቅ ሳይጀምር መታደስ ይኖርበታል።

«በውኃ የሚቀጥነው በውኃ ይለቃል።»
ውኃው ማጓጓዣ ብቻ ነው፤ ተንኖ ሲያልቅ ሙጫው እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። በዘይት እንደተሠራው ዘይታማ ቫርኒሽ ወደ ቢጫ ስለማያደላ ነጣ ላለ እንጨት ተመራጭ ነው፤ ዋንዛን የመሰለ እንጨት ግን ዘይታማው የሚሰጠው የማር መልክ ያምርበታል።

«አንድ ወፍራም ቅብ ሦስት ቀጭን ቅብ ይተካል።»
አይተካም፤ ላዩ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይጨማደዳል።

«ላከርም ያው ቫርኒሽ ነው።»
ዘይታማ ቫርኒሽ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር ተመልሶ አይሟሟም፤ የተለመደው ላከር፣ ማለትም በቤት ዕቃ ላይ የሚረጨው ፈጥኖ የሚደርቅ ቅብ፣ ግን የሚያቀጥነው ቲነር በመትነኑ ብቻ ይደርቃል። በክረምት እርጥብ ቀን ሲረጭ ደመና የመሰለ ነጭ የሚያወጣው፣ ከረከቦት ወርዶ በቀጥታ የተቀመጠ ትኩስ ሲኒም ነጭ ክብ የሚተውበት እርጥበት ቅቡ ውስጥ ስለሚታፈን ነው። አሮጌ ጠረጴዛ ከማደሳችሁ በፊት በማይታይ ጥግ የላከር ቲነር በጥጥ አድርጋችሁ ንኩት፤ ወዲያው ለስልሶ ከተጣበቀ ላከር ሊሆን ይችላል።