ቮልዩም ምንድን ነው? «ዲ» ላይ ማስቀመጥስ መጠባበቂያ ይሆናልን?

ደሴ ፒያሳ ወደሚገኝ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የተበላሸ ኮምፒውተር ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ፋይሉ «ዲ» በተባለው የኮምፒውተሩ ማከማቻ ላይ መሆን አለመሆኑን ነው። ባለሙያው ዊንዶውስ የሚገኝበትን «ሲ»ን ፎርማት አድርጎ፣ ማለትም ይዘቱን አጥፍቶ፣ ዊንዶውስን እንደገና ሲጭን «ዲ» ሳይነካ ስለሚቀር፣ ብዙዎቻችን እዚያ ያስቀመጥነው አይጠፋም ብለን አምነናል። ይህ እምነት የዓመታት ድካም ሊያሳጣ እንደሚችል ሳስብ እጅግ ያሳስበኛል።

ቮልዩም ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱን እንደቻለ ማከማቻ የሚያየው፣ እንደ ኤንቲኤፍኤስ ያለ የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ፋይሎች የሚደራጁበት ዘዴ፣ የተዘረጋበት ቦታ ነው። አንድ ዲስክ ፓርቲሽን በሚባል ወሰን ተከፍሎ ሁለትና ከዚያ በላይ ቮልዩሞች ሊይዝ ይችላል፤ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ኤልቪኤም በተባለው የዲስክ ማስተዳደሪያ በተቃራኒው ብዙ ዲስኮች ተጣምረው አንድ ቮልዩም ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ዲስክ ላይ ያሉት «ሲ» እና «ዲ» በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ መሃላቸው ያለው ግድግዳ ቤቱ ሲቃጠል አያድንም። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሰነዶችን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሰነዶቹን ያተርፋል፤ የተጫኑትን ፕሮግራሞችና ቅንብሮቻቸውን ግን አያተርፍም። እነዚህን የሚያተርፈው ኢሜጅ፣ ማለትም የቮልዩሙ ወይም የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ነው። እንደ ክሎንዚላ ያሉ ነጻ መሣሪያዎች የተያዘውን ቦታ ብቻ ስለሚገለብጡ፣ ከ500 ጊጋባይት ውስጥ የተያዘው 80 ከሆነ ኢሜጁ ሲጨመቅ ከ80 ጊጋባይትም ሊያንስ ይችላል። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲስተሙ የሚነሳበት ክፍል ከ«ሲ» ውጭ በራሱ ትንሽ ፓርቲሽን ላይ ስለሚገኝ፣ «ሲ»ን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ ኢሜጅ ማድረግ ይሻላል።

ኢሜጅን መመለስ፣ በተለምዶ ሪስቶር የሚባለው፣ በመድረሻው ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፤ ስለዚህ ከመጀመር በፊት የዲስኩን መጠንና ስም ደጋግሞ ማየት ግድ ነው። ክሎንዚላ መድረሻው ከዋናው ዲስክ እንዳያንስም ይፈልጋል። ችግር ሳይመጣ በሌላ ዲስክ ላይ መልሶ ካልተሞከረ፣ ኢሜጁ በእርግጥ እንደሚነሳ ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

ኢሜጁ የተቀመጠበት ኤክስተርናል ዲስክ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት፤ እንደተሰካ ከቆየ የመብራት መዋዠቅም ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም አብሮ ያገኘዋል። የደሴ ነዋሪ አንድ ቅጂ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ቢያኖር ከእሳትና ከሌባ ይጠበቃል። በ2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ስለደረሰባቸው፣ በተለይ የሕዝብ መዝገብ የሚይዙ መሥሪያ ቤቶች ሌላ ቅጂ ከአካባቢው አርቀው ማኖር ይገባቸዋል። ያ ቅጂ ከእጃቸው ስለሚወጣ መመስጠር አለበት፤ የይለፍ ቃሉም ከዲስኩ ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥም።