ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንድ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ ከዚህ ወዲያ ምን አንድነት?»

የቆሮንቶስ ምእመናንም አንድ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ጳውሎስ የገሠጻቸው በማዕዳቸው ነው፦ ያለው ቀድሞ በልቶ ይሰክራል፣ የሌለው ይራባል (1ኛ ቆሮ. 11፥21)። ጎንደር ላይ ይህ የሚታየው ምእመናን በየተራ በሚደግሱባቸው በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ነው። ሲጀመር ዳቦና ጠላ ነበር። አንዱ ባለተራ ዶሮ ይጨምራል፣ ቀጣዩ ላለማነስ በግ ያርዳል፣ ቢራ በሳጥን ይገባል። የቀን ሠራተኛው ተራው ሲቃረብ «አሞኝ ነው» እያለ መቅረት ይጀምራል፤ አጥቼ ነው ብሎ የሚወጣ የለምና ማንም ልብ አይለውም።

እዚህ ላይ ስብከት ብዙ አይረዳም፤ ልክ ማበጀት ነው የሚያዋጣው። የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) አባላቱን ሰብስቦ የዳቦውንና የጠላውን መጠን ያስወስን፣ ከዚያ በላይ ማቅረብም ይከልከል። ልኩ የሚቆረጠው በድሀው አባል አቅም ነው። በመካከለኛው ኑሮ ከተቆረጠ ድሀው አሁንም ይወጣል። መጨመር የሚሻ ባለጸጋ ስሙ ሳይጠራ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪ ያድርስ። ካህኑ ባርኮ ከቆረሰ በኋላም እደላው አንዳንዴ ድሀው ከሚቀመጥበት ከበሩ በኩል ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ላለው የክብር ወንበር፣ ለድሀው «እዚያ ቁም» ማለትን የከሰሰው (ያዕ. 2፥2-4) ለዚሁ ዓይነቱ አቀማመጥ ነውና።

«ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ ማዕድ አይጋራም»

ይህ ከወንጌል የመጣ ትምህርት አይደለም። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ፣ ጀበናውን ከሸክላ ሠሪዋ ገዝቶ፣ ከእጃቸው ውኃ አለመጠጣት ምን ይባላል? ጌታችን «ጸራቢው» ተብሏል (ማር. 6፥3)፤ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። የመገናኛውን ድንኳን የሠራው ባስልኤል ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ (ዘፀ. 31፥2-5)። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ይሁንና ስድቡ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል፤ ምክንያቱም የሚተላለፈው በጋብቻ ነው። ሽማግሌ ሲላክ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሃይማኖቱ ቀድሞ ይጠየቃል። ንስሐ አባት ጣልቃ መግባት ያለበት እዚያው ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ቃል ከቆረጠ በኋላ ቢመጣ ዘግይቷል።

«በዘር ተበደልን ብሎ አቤት ማለት ምእመናንን መከፋፈል ነው»

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያንብቡ። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተረሱና ወገኖቻቸው አንጎራጎሩ። ሐዋርያት «ዝም በሉ» አላሏቸውም፤ 7 ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱ ስም ተጽፏል፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። እደላው ቅር ላለው ወገን ቅርብ በሆኑ ሰዎች እጅ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ በአማራና በቅማንት መካከል በደረሰው ግጭት የተጎዱ ሰዎች በሚረዱበት አጥቢያ፣ የእርዳታውን መዝገብ የሚይዘው ኮሚቴ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ እህሉ በትክክል ቢታደል እንኳ ሐሜቱ አይቀርም። ከሁለቱም ወገን ይመረጥ፤ ዝርዝሩም በጉባኤ ይነበብ።

«አንድ ለመሆን አንድ ቋንቋ ያስፈልጋል»

በበዓለ ሃምሳ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ (ሐዋ. 2፥6)።

«ጥቁር ሕዝብ በካም እርግማን ሥር ነው»

ኖኅ ካምን አልረገመም፤ የተረገመው ከነዓን ነው (ዘፍ. 9፥25)። የካም ልጆች አራት ናቸው፦ ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥ፣ ከነዓን። ኢትዮጵያ የምትቆጠረው ከኩሽ ነውና፣ ጥቅሱን ጠቆር ያለውን ወንድሙን ለማዋረድ የሚያነሳ ሰው ራሱም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ሙሴን ኢትዮጵያዊት አገባ ብለው ያሙት እኅቱ ማርያምና አሮን ነበሩ፤ ማርያም በለምጽ ተመትታ 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግታ ተቀመጠች (ዘኍ. 12)።